ባቡሩ ያልወጣው ተራራ

ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ፣ ወደ ተራራው በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ይነጋገራሉ። አንደኛው በደብሩ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ሲሆኑ፣ ሁለተኛይቱ በኮተቤ ጂኦግራፊ የምታስተምር መምህርት ናት። ተወልዳ ያደገችው ድሬዳዋ ነው፤ አባቷም በምድር ባቡር ጋራዥ በቶርኖ ሠራተኝነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው።

መሪጌታ፦ እስቲ ልጄ፣ አንቺ የምድርን ጠባይ የምታስተምሪ ነሽና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዳግማዊ ምኒልክ በዚህ ተራራ ራስ ላይ ከተሙ፤ በ1882 ዓ.ም. ቅብዐ መንግሥት የተቀበሉትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩ ነገሥታት እንኳ ለመናገሻ የሚመርጡት፣ ጠላት ከሩቅ የሚታይበትን፣ ወባ የማይደርስበትን አምባ ነበር። የዛሬው አዲስ አበባ ግን፣ ከዚህ ሆነሽ ቁልቁል ስታዪው፣ ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂና ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። ፍል ውሃ ነው ያወረደው እንዳይባል፣ ፍል ውሃ ከነቤተ መንግሥቱ እዚሁ ሥር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሜዳ ከተማ ያደረገው ምን ነገር ነው?

መምህርት፦ ያወረደው ሐዲዱ ነው፣ መሪጌታ። ነገር ግን በመጀመሪያ የታሰበው እንዲህ አልነበረም። በ1886 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ውል፣ መንገዱ በሦስት ክፍል ተከፍሎ ነበር፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ። የውሉም ዘመን 99 ዓመት ነበር። ልብ ብለው ይመልከቱልኝ፤ ሐረር በውሉ ተጻፈች፣ ባቡሩ ግን አልገባባትም፤ እንጦጦ ተጻፈ፣ ባቡሩ ግን አልወጣበትም፤ ከፋም ተጻፈ፣ ሐዲድ የሚባል ነገር እስከ ዛሬ አላየም። በአንጻሩ በዚያ ውል ላይ ስማቸው ያልተነሣ፣ አንዳንዶቹም ገና ያልተፈጠሩ ከተሞች ናቸው የባቡሩ ልጆች የሆኑት።

መሪጌታ፦ የንጉሥ ቃል በማኅተም ከጸና በኋላ ማን ለወጠው?

መምህርት፦ ዳገቱ። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል በሜዳ ብዙ ሸክም በትንሽ ጉልበት ይጎትታል፤ አቀበት ሲገጥመው ግን መንኮራኩሩ የሚቆነጥጠው ነገር የለውም፤ ስለዚህ መሐንዲሱ ወይ ተራራውን ሊሰረስረው ወይ ሊዞረው ይገደዳል፣ ሁለቱም ገንዘብ ነው። ሥራው ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ሲሆን፣ በረሃውን አቋርጦ ወደ ሐረር ተራሮች ግርጌ በቀረበ ጊዜ ኩባንያው ገንዘቡ ስላለቀበት ሐረርን ከነግንቧ፣ ከነገበያዋ፣ ከነዑለማዎቿ በላይ ትቶ፣ ከተራራው በታች በደረቅ ወንዝ ዳር ቆመ። ይህም በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ያች የቆመባት ስፍራ ድሬዳዋ ሆነች።

መሪጌታ፦ እንግዲህ የአንቺ የትውልድ ከተማ የገንዘብ እጥረት የወለዳት ናት ማለት ነው።

መምህርት፦ የገንዘብ እጥረትና የተራራ ግርጌ። ነገር ግን መሪጌታ፣ እኔ ያደግሁባትን ከተማ ቢያዩአት፣ ባቡር ከተማን እንዴት አድርጎ እንደሚቀርጽ ያለ መጽሐፍ ይማሩ ነበር። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ገበያም በአሸዋው ላይ ይቆማል። ከወንዙ በአንዱ ወገን ከዚራ አለ፤ ኩባንያው በገመድ ለክቶ የቀየሰው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ፣ የጣቢያውም የጋራዡም የሠራተኛውም ቤት ያለበት ሰፈር ነው። በሌላው ወገን ደግሞ መጋላ አለ፤ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ ሕንዱ ነጋዴ ራሱ እንደመጣ፣ ራሱ እንደቻለ የሠራው፣ ጠባብና ጠምዛዛ ቅያስ ያለው የገበያ ሰፈር። አባቴ በጠዋት ከመጋላ ተነሥተው አሸዋውን ተሻግረው ወደ ጋራዡ ሲሄዱ፣ ከአንዲት ከተማ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። ማታ ሲመለሱ በጥፍራቸው ሥር የቀረውን የብረት ቅባት እናቴ በጋዝ በተነከረ ጨርቅ ትጠርግላቸው ነበር። ከተማዋ የቆመችው ለባቡሩ እንዲመች እንጂ ለወንዙ ጠባይ ታስቦ አይደለምና፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያ ደረቅ አሸዋ ሌሊት ሞልቶ ብዙ መቶ ሰው ጠረገ።

መሪጌታ፦ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ሐረርስ?

መምህርት፦ ሐረር ሃይማኖቷንና ትምህርቷን ይዛ ቀረች፤ የንግዱ ጉዞ ግን ከእጇ ወጣ። ቀድሞ ከዘይላ የሚነሣው ቅፍለት በግመል ተጭኖ በሐረር በሮች ይገባ ነበር፤ ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ግን ቡናውም ቆዳውም ወደ ጣቢያው መውረድ ያዘ። ነጋዴውም ሸቀጡን ተከትሎ ወረደ።

መሪጌታ፦ ይህ ነገር የሐረር ብቻ አይደለም። የእኛም የሸዋ አገር በዚሁ መንገድ ተጎድቷል። አንኮበር የነገሥታት መዲና፣ ሥሯ ያለው አልዩ አምባም ከታጁራ የሚመጣው ጨውና ሸቀጥ የሚራገፍበት ገበያ ነበር፤ ሁሉም ዛሬ የትናንት ስም ሆነው ቀርተዋል። ካህናቱ ሳይቀሩ ደብራቸውን እየተው ገንዘብ ወዳለበት ተሰደዱ። እኔ እንደምለው፣ የሺህ ዓመት ልማድ ያለውን የደጋ ሥልጣኔ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ወደ ቆላ የገለበጠ ነገር፣ ጥቅሙ ቢበዛም እንኳ በደሉ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባውም።

መምህርት፦ በአንኮበር ነገር እንኳ ሁሉንም ለባቡሩ መስጠት ይከብደኛል፤ መናገሻው ወደ እንጦጦ በመጣ ጊዜ አንኮበር ከባቡሩ በፊት ማዕረጓን ማጣት ጀምራ ነበር። የአልዩ አምባን ገበያ ግን እርስዎ እንዳሉት ነው። ሆኖም እንጦጦና አዲስ አበባ ራሳቸው ለጥቂት ከአንኮበር ዕጣ እንዳመለጡ ያውቃሉ?

መሪጌታ፦ በእንጨት ነገር ነው የምትዪኝ?

መምህርት፦ አዎን። በዚያ ጊዜ ይህ ተራራ ጽድና ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ የነበረበት ነው፤ ሠራዊቱና ሕዝቡ ለማገዶና ለቤት እየቆረጠ ሲጨርሰው፣ እንደ ቀድሞው የነገሥታት ልማድ ከተማውን ነቅሎ ወደ ደን መሄድ የማይቀር ሆነ፤ አዲስ ዓለምም በምዕራብ በኩል ቤተ መንግሥት ይሠራባት ጀመር። ከ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመት አድጎ ሲገኝ፣ ተቆርጦም እንደገና ሲያቆጠቁጥ፣ መናገሻው ባለበት ጸና፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ ያስተውሉልኝ፤ ባቡር መድረሻው የማይነቃነቅ ከተማ ይፈልጋል፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ለሚሰፍር ድንኳን ማንም ሐዲድ አይዘረጋም። ስለዚህ እኔ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው፣ የባቡር ጣቢያው ለገሃር ከመሠራቱ በፊት ለገሃርን ያቆመው ይህ የተቀመጥንበት ተራራ ነው እያልሁ ነው።

መሪጌታ፦ ይህስ መልካም ንግግር ነው። ቀጥዪ፤ ከድሬዳዋ ወዲህ እንዴት መጣ?

መምህርት፦ ቶሎ አልመጣም። የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው ላይ እጁን ሲያስገባ ምኒልክ ከብረት ጋር ሥልጣንም እንዳይገባባቸው ሰጉ፤ ስጋታቸውም በከንቱ አልነበረም፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ጣልያንም ጭምር ሆነው በ1899 ዓ.ም. ስለ አገራችን በተዋዋሉት ስምምነት ውስጥ የባቡሩ ነገር አንዱ ጉዳይ ነበር። የፊተኛው ኩባንያ ከሠረ፤ በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል በንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም በዶክተር ቪታሊየን ስም ተሰጠ፤ ሐዲዱም እንደገና ተነሥቶ አዋሽን ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በግንቦት መጨረሻ 1909 ዓ.ም. ነው። ከባሕር እስከዚህ 784 ኪሎ ሜትር፤ ከዜሮ ተነሥቶ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። ምኒልክ ግን አላዩትም፤ ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት ዐርፈው ነበር። ዛሬ የምናየው የጣቢያው ሕንጻ የተመረቀው ከዚያም በኋላ በ1922 ዓ.ም. ነው።

መሪጌታ፦ ጣቢያው ደግሞ ከአራዳ ርቆ በሜዳው ቆመ።

መምህርት፦ ያው ዳገቱ ነዋ። ከዚያ በኋላ ግን ከተማው ወደ ጣቢያው ወረደ። ከጊዮርጊስና ከአራዳ ቁልቁል ለገሃር የሚወርደው ሰፊ ጎዳና የከተማው ዋና ጅማት ሆነ፤ መጋዘኑ፣ ሆቴሉ፣ የጉምሩኩ ሥራ፣ የተሸካሚውና የጋሪው ሰፈር በሐዲዱ ግራና ቀኝ ተከማቸ። ፋብሪካም ሲመጣ ወደ አቃቂ በሐዲዱ ዳር ሄደ። ቆርቆሮው በባቡር እየመጣ የሣሩን ክዳን ተካ። በዚህ በየካ በኩል ግን ምኒልክ ለውጭ መንግሥታት ለገሲዮን እንዲሆን ሰፋፊ ቦታ ሰጥተው ስለነበር፣ የባቡሩ ባለቤቶች የፈረንሳዮቹ ለገሲዮን በተራራው እግር በባሕር ዛፍ መካከል ሆኖ፣ ባቡራቸው ደግሞ ከዚያ ብዙ ርቆ በሜዳ ሆኖ ኖረ። ባቡር የሚባል ነገር በየካ በኩል ሲያልፍ የታየው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ቀላል ባቡሩ ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል መመላለስ በጀመረ ጊዜ ነው።

መሪጌታ፦ የከተማውን ነገር ሰማሁ። ስለ እርሻው መሬት ግን ገና አልነገርሽኝም፤ እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። መሬት እኮ በእኛ ዘንድ የሚቈጠረው በርስት፣ በጉልት፣ በስመ ታቦት ነው፤ በሐዲድ የሚቈጠር መሬት እንዴት ያለ ነው?

መምህርት፦ ሁለት ዓይነት መሬት አለ። ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ ያለው የአድአ ጥቁር አፈር ቀድሞም የታወቀ የጤፍ አገር ነው። እዚያ ባቡሩ ያመጣው አዲስ እርሻ ሳይሆን አዲስ ዋጋ ነው፤ በአህያና በበቅሎ ቀናት የሚፈጅ እህል በአንድ ቀን አዲስ አበባ ሲገባ፣ መሬቱ ለጉልተኛው ከግብር እህል ይልቅ የገንዘብ ምንጭ ሆነ። ጭሰኛው ግን ያው ጭሰኛ ነበር፤ ጣቢያው ደጁ ሆኖ ሳለ፣ የሚጫነው እህል የእርሱ አልነበረም። አዳማም ከዚህ መካከል ወጣች፤ የአርሲው እህል ከላይ ሲወርድ፣ ከቆላው ከብትና ጨው ሲወጣ የሚገናኙባት ሆነችና፣ ከጣቢያነት ወደ ታላቅ ከተማነት አደገች።

መሪጌታ፦ ሁለተኛው ዓይነትስ?

መምህርት፦ ሁለተኛው የአዋሽ ሸለቆ ነው፤ ካርታ ሠሪው ባዶ ብሎ የተወው፣ ነገር ግን ባዶ ያልነበረ መሬት። ከመተሐራ በታች ከረዩው፣ ከአዋሽ ወዲያ ኢቱውና አፋሩ፣ ክረምትና በጋን ለይቶ ከብቱንና ግመሉን የሚያሰማራበት፣ የወንዙም ዳር በድርቅ ጊዜ የመጨረሻ መሸሸጊያው የሆነ ነው። በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር በየተወሰነው ርቀት ውሃ ካልተሰጠው አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ጣቢያዎቹ ውሃ የሚገኝበትን ይፈልጉ ነበር፣ ውሃ ያለበት ስፍራ ሁሉ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ባለቤት ነበረው። ከዚያ ቀጥሎ መንገዱ ሌላ ነገር ጠራ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. የወንጂን የስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ፤ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ወንዙን ያዘው፤ የመተሐራው ፋብሪካ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ፤ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም ሌላውን ግጦሽ ከለለ። ከረዩው በአንድ ትውልድ ውስጥ ከወንዙ ዳር ተገፍቶ ወደ ድንጋዩ ወጣ። ስኳሩን ግን እኛ ሁላችን በሻያችን ጨምረን ጠጣነው።

መሪጌታ፦ ይህንን ፋብሪካው ነው ያደረገው ወይስ ባቡሩ? ፍርድ ስንፈርድ በደለኛውን መለየት ይገባናል።

መምህርት፦ ሐዲዱ ብቻውን ማንንም አላፈናቀለም፤ ይሁን እንጂ ከባሕር እስከ መናገሻ ያለውን መሬት ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ሰክቶ፣ የሩቅ ሰው ያንን መሬት እንዲመኘው አደረገ። ይህንን ከጎረቤታችን ከኬንያ ጋር አስተያይቼ ነው የምናገረው። ናይሮቢም እንደ ድሬዳዋ ከምንም ተነሥታ፣ በ1891 ዓ.ም. ከሞምባሳ የሚመጣው ባቡር ዕቃውን የሚያራግፍባት ረግረግ ሆና ተወለደች፤ ነገር ግን እዚያ የባቡሩን ወጪ ለመመለስ ሲባል የደጋው ለም መሬት ከባለቤቶቹ ተነጥቆ ለነጭ ሰፋሪዎች ታደለ። እኛ አገር ነጻነታችን ከዚያ ጠበቀን፤ ከራሳችን ሰዎች ግን አልጠበቀንም። ይህን ስናገር ያዝናል ልቤ፣ መሪጌታ፤ የአባቴን እንጀራ የበላሁት ከዚያው ሐዲድ ነውና።

መሪጌታ፦ እንጀራውን መብላትሽ አያሳፍርሽ። ነገር ግን እኔ ደግሞ የማየውን ልንገርሽ። ያችውልሽ፣ ከዛፉ መካከል የምትወጣውን ሴት ተመልከቻት። ጭራሮውንና ቅጠሉን በገመድ አስራ፣ ገመዱን በደረቷ አሻግራ፣ ጎንበስ ብላ ትወርዳለች፤ ሸክሟ ከትከሻዋ ግራና ቀኝ ክንድ ሙሉ ስለሚተርፍ፣ መኪና ሲመጣ ወደ ቦዩ ዳር ዞር ብላ ታሳልፋለች። አንዷ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ አንዷ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር፣ አንዷ ወደ ቀበና ትወርዳለች። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ቆርቆሮ በባቡር ሲገባ፣ በዚያ ቆርቆሮ ሥር እንጀራ የተጋገረው በዚህች ሴት ጀርባ በወረደ እንጨት ነው። ባቡሩ ያልወጣውን ተራራ እርሷ ወጥታበታለች። የሐዲዱን ታሪክ ለልጆች ስታስተምሪ፣ እርሷን በየትኛው ምዕራፍ ትጽፊያታለሽ?

መምህርት፦ እስከ ዛሬ አልጻፍኋትም። በእውነቱ ግን ስፍራዋ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ ከተማውን ለባቡሩ ያቆየው ባሕር ዛፍ ነው ካልሁ፣ ባሕር ዛፉን ከተማ ያደረገው የሴቶቹ ጀርባ ነው ማለት ይገባኛል።

መሪጌታ፦ አሁን ያለው አዲሱ ባቡርስ? በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ ሲባል በደስታ ሰማን።

መምህርት፦ እኔም ደስ ብሎኛል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ሰፊ ሐዲድ ያለው፣ የቀድሞው በቀናት የሚያደርሰውን ጭነት በሰዓታት የሚያደርስ ነው፤ ሞጆ ላይ ካለው ደረቅ ወደብ ጋር ተያይዞ ለአገር የሚሰጠውን አገልግሎት የሚንቅ ሰው አይገኝም። ሆኖም ከተማን የመሥራት ኃይሉ ከቀድሞው ይለያል። አሮጌው ባቡር ዝግተኛ ስለ ነበር በኤረር፣ በአፍደም፣ በሚኤሶ፣ በአሰቦት ሁሉ ይቆም ነበር፤ በቆመ ቁጥር የግመል ወተት በቅል የያዘችው፣ ብርቱካን በሰፌድ የደረደረችው፣ የተቀቀለ እንቁላል ከጨው ጋር በወረቀት የጠቀለለችው ሴት በመስኮቱ ሥር ትሰለፍ ነበር፤ ብዙ ቤት በዚያች ሩብ ሰዓት ገበያ ይኖር ነበር። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ በሜዳ ነው የሚቆመው፤ በአዲስ አበባ በፉሪ ለቡ፣ በድሬዳዋም እንዲሁ ከከተማው ውጭ። አሮጌው ሐዲድ ዝም ካለ ወዲህ ከነዚያ ትንንሽ ጣቢያዎች ስንቱ ውሃ እንደ ተነፈገ ተክል ጠውልጓል! በዚህ በእኛም በኩል ቀላል ባቡሩ ሕዝቡን እያመላለሰ ቢጠቅምም፣ በመንገዱ መካከል በአጥር ተከልሎ ስለ ተሠራ፣ ከጉርድ ሾላ ማዶ ለማዶ ለመሻገር አሮጊቶች ብዙ መንገድ ይዞራሉ።

መሪጌታ፦ ከአያት ወዲያ ያለውን የገበሬ መሬትስ አየሽው? እኔ ወደዚህ ደብር ስመጣ ከኮተቤ ወዲያ ጤፍና ስንዴ ነበር፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው።

መምህርት፦ እርሱን ባቡሩ ብቻውን አላመጣውም፤ ቤቱ ከባቡሩ በፊት መሠራት ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ጥያቄው ከመተሐራው ጋር አንድ ነው፤ በመሬቱ ላይ የነበረው ሰው፣ መሬቱ ዋጋ ባገኘ ዕለት፣ ከዋጋው ምን ደረሰው? ከተማሪዎቼ መካከል አባታቸው በካሣው ገንዘብ ባጃጅ ገዝተው፣ ባጃጁም ተሰብሮ፣ አሁን በቀድሞ ማሳቸው ላይ በቆመው ፎቅ በዘበኝነት የሚሠሩ አሉ።

መሪጌታ፦ እንግዲህ ስሚኝ ልጄ። በቤተ ክርስቲያን ባሕረ መዝገብ የሚባል ነገር አለ፤ ይህ መሬት የማን ነበር፣ ማን ሰጠው፣ ምስክሩ ማን ነው ተብሎ የሚጻፍበት። ኩባንያው የጫነውን ኩንታል ሁሉ ጽፎ እንደ ነበር እገምታለሁ፤ ሐዲዱ ባለፈበት ጉድጓድ ማን ከብቱን ያጠጣ እንደ ነበር ግን የጻፈ ያለ አይመስለኝም። የከረዩ ሽማግሌዎች፣ የድሬዳዋ የጋራዥ ጡረተኞች፣ የአፍደም ብርቱካን ሻጮች ገና በሕይወት ያሉ አሉ። ተማሪዎችሽን ወስደሽ ለምን አታጽፊያቸውም?

መምህርት፦ ለመተሐራውና ለድሬዳዋው የትምህርት ቤቱ ፈቃድና የመኪና ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ለትንሣኤ ዕረፍት እንዲደርስ ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት አስገባለሁ። አባቴም የሥራ ባልደረቦቻቸውን እንዲሰበስቡልኝ እጽፍላቸዋለሁ።

መሪጌታ፦ ለዚህኛው ተራራ ግን ፈቃድም መኪናም አያሻሽም። ሴቶቹ በጠዋት በ12 ሰዓት በዚህ ያልፋሉ፤ ሲወርዱ ግን ሸክም ላይ ናቸውና አታስቁሚያቸው፤ ሲወጡ ባዶ እጃቸውን ናቸው፣ ያን ጊዜ ይናገራሉ። ሁለቱን በዕድሜ የገፉትን እኔ አውቃቸዋለሁ፤ አንደኛዋ እናታቸውም ከዚሁ ተራራ እንጨት ለቅመው ያሳደጓቸው ናቸው። ቅዳሜ ልጆቹን ይዘሽ ነዪ፤ ደብተርና እርሳስ ይያዙ፤ ከጥያቄው በፊት ስሟን መጠየቅ፣ ከስሟም በፊት እንደምን አደሩ ማለት እንዳይረሱ ንገሪያቸው።

መምህርት፦ ቅዳሜ ከ12 ሰዓት በፊት እዚህ እንገኛለን።